የድምፅ ጉልበት

የድምፅ ጉልበት በሚንዘር አካል ተፈጥሮ በአየር፣ በውኃ ወይም በጠጣር ነገር ውስጥ በሞገድ መልክ የሚተላለፍ የጉልበት ዓይነት ነው። ደወል ሲደወል፣ ከበሮ ሲመታ ወይም ሰው ሲናገር ከምንጩ ተነሥቶ ጆሮ ዘንድ የሚደርሰው ጉልበቱ እንጂ አየሩ ራሱ አይደለም። አየሩ ባለበት ቦታ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ጉልበቱን ለጎረቤቱ አየር አቀብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህ መጣጥፍ የጉልበትን ዋና ዋና ቅርጾች፣ የድምፅ ሞገድ ጉልበትን እንዴት እንደሚሸከም፣ ምን ያህል እንደሚሸከምና ጉልበቱ በመጨረሻ የት እንደሚገባ ያብራራል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከደብረ ታቦር ከተማና ከደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢ የተወሰዱ ናቸው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአቅራቢያዋ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የአገሩ ከፍታ፣ የንጋቱ ቅዝቃዜ፣ ገደሉና የክረምቱ ነጎድጓድ ስለ ድምፅ ብዙ የሚያስተምሩ ናቸው። ከተማዋ በስሟ የምትጋራው የደብረ ታቦር (ቡሄ) በዓልም ከድምፅ በላይ የሚፈጥን ነገር በልጆች እጅ የሚታይበት በዓል ነው።

ስለ ቃላት አጠቃቀም

በአማርኛ «ኃይል»፣ «ጉልበት» እና «አቅም» የሚሉት ቃላት በዕለት ተዕለት ንግግር ይወራረሳሉ። በዚህ መጣጥፍ «ጉልበት» ማለት ኢነርጂ ነው፤ የሚለካውም በጁል ነው። «ኃይል» ማለት ደግሞ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚተላለፍ ጉልበት ሲሆን የሚለካው በዋት ነው። አንድ ዋት በሰከንድ አንድ ጁል ነው።

ጉልበትና ቅርጾቹ

ጉልበት ሥራ የመሥራት ችሎታ ነው። አይታይም፣ አይዳሰስም፤ የሚታወቀው አንድን ነገር ሲያንቀሳቅስ፣ ሲያሞቅ፣ ሲያበራ ወይም ሲያሰማ ነው። ዋና ዋና ቅርጾቹ የሚከተሉት ናቸው።

• የእንቅስቃሴ ጉልበት፦ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ያለው ጉልበት ነው። በነገሩ መጠነ ቁስና በፍጥነቱ ይወሰናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

• የቦታ ጉልበት፦ አንድ ነገር ከፍ ካለ ቦታ ላይ በመሆኑ የሚያከማቸው ጉልበት ነው። ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር በሚለየው የዓባይ ወንዝ ላይ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 40 ሜትር ሲወርድ 390,000 ጁል ገደማ ጉልበት ይለቅቃል።

• የመለጠጥ ጉልበት፦ በተወጠረ የክራር አውታር፣ በተሳበ ወንጭፍ ወይም በተጨመቀ አየር ውስጥ የሚቀመጥ ጉልበት ነው።

• ኬሚካዊ ጉልበት፦ በማገዶ፣ በእህል፣ በነዳጅና በባሩድ ውስጥ ያለ ጉልበት ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ለዐፄ ቴዎድሮስ እስከ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለው «ሴባስቶፖል» መድፍ ተሠርቷል። መድፍ ሲተኮስ የባሩዱ ኬሚካዊ ጉልበት በቅጽበት ወደ ሙቀት፣ ወደ እንቅስቃሴ፣ ወደ ብርሃንና ወደ ድምፅ ይለወጣል።

• የሙቀት ጉልበት፦ ሞለኪውሎች ያለ ሥርዓት ወዲያና ወዲህ የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ነው።

• የኤሌክትሪክ፣ የብርሃንና የኒውክሌር ጉልበት፦ የመጀመሪያው በሽቦ የሚጓዝ፣ ሁለተኛው ያለ አየር እንኳ መጓዝ የሚችል፣ ሦስተኛው በአቶም እምብርት ውስጥ የታመቀ ነው።

የድምፅ ጉልበት ራሱን የቻለ አዲስ ነገር አይደለም። የሁለት ቅርጾች ድምር ነው፦ የሚወዛወዘው አየር የእንቅስቃሴ ጉልበትና የሚጨመቀው አየር የመለጠጥ ጉልበት።

ጉልበት ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ ከምንም አይፈጠርም፣ አይጠፋምም። ይህ የጉልበት ጥበቃ ሕግ ይባላል። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ድምፅ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፦ ጉልበቱ ከየት መጣ? ወዴትስ ሄደ?

የድምፅ ሞገድ

ነፋስ በፎገራ ሜዳ ላይ ባለ የሩዝ ማሳ ውስጥ ሲያልፍ ሞገዱ ከማሳው ዳር እስከ ዳር ሲሮጥ ይታያል። አንድም የሩዝ አገዳ ግን ከሥሩ ተነቅሎ አይሄድም፤ እያንዳንዱ ጎንበስ ቀና ይላል። ድምፅም እንዲሁ ነው፤ የሚጓዘው እንቅስቃሴው ነው።

ልዩነቱ በአቅጣጫው ላይ ነው። የሩዙ አገዳ ከላይ ወደ ታች ሲያጎነብስ፣ በድምፅ ሞገድ ውስጥ ግን የአየር ሞለኪውሎች የሚወዛወዙት ሞገዱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ረጅም ሰልፍ ላይ ከኋላ ያለ ሰው የፊቱን ሰው ቢገፋው፣ ያም ወደ ፊቱ ያለውን ይገፋል፤ ግፊያው ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሰልፉ ፊት ይደርሳል፤ ሰዎቹ ግን ቦታቸውን አልለቀቁም። እንዲህ ያለው ሞገድ ርዝመታዊ ሞገድ ይባላል።

የተመታ ከበሮ ቆዳ ወደ ውጭ ሲወጣ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ ወደ ውስጥ ሲመለስ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። መጨመቁና መሳሳቱ እየተፈራረቀ በሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል። አስተላላፊ ነገር ከሌለ ድምፅ የለም። ባዶ በሆነው ሕዋ የፀሐይ ብርሃን ሲያልፍ ድምፅ ግን ማለፍ የማይችለው ለዚህ ነው።

የድምፅ ሞገድ በሦስት ነገሮች ይገለጻል፦

• ድግግሞሽ፦ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያለው የንዝረት ብዛት ሲሆን በሄርዝ ይለካል። ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲያንስ ይወፍራል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ድረስ ይሰማል።

• የሞገድ ርዝመት፦ በሁለት ተከታታይ መጨመቆች መካከል ያለው ርቀት ነው። የ100 ሄርዝ ወፍራም ድምፅ ርዝመቱ 3.4 ሜትር፣ የ3,400 ሄርዝ ቀጭን ድምፅ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

• የንዝረት ስፋት፦ አየሩ ከቦታው ምን ያህል ርቆ እንደሚወዛወዝ ያሳያል። ሲሰፋ ድምፁ ይጎላል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ሞገዱ የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

ሞገዱ ምን ያህል ጉልበት ይሸከማል?

ድምፅ ጆሮን ቢያስጨንቅም የሚሸከመው ጉልበት እጅግ ጥቂት ነው። ሰው በመጠነኛ ድምፅ ሲናገር ከአፉ የሚወጣው የድምፅ ኃይል የዋት አንድ መቶ ሺህኛ ገደማ ነው። ይህን በሻይ ማሰብ ይቻላል። በደብረ ታቦር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። 200 ግራም ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ 60,000 ጁል ገደማ ያስፈልገዋል። አንድ ሰው የንግግሩን ጉልበት ሁሉ ወደ ውኃው ማስገባት ቢችልና ውኃው ምንም ባይቀዘቅዝ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ለማፍላት ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት 190 ዓመት ያህል ማውራት ይኖርበታል።

ድምፅን ለመስማት ይህን ያህል ትንሽ ጉልበት የሚበቃው ጆሮ እጅግ ስሜታዊ ስለሆነ ነው። ጤነኛ ጆሮ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ የዋት አንድ ትሪሊዮንኛ ብቻ የሚያሳርፍን ድምፅ መስማት ይችላል። በእንዲህ ያለው ድምፅ አየሩ የሚወዛወዝበት ርቀት ከአንድ አቶም ስፋት ያነሰ ነው።

ከዚህ ዝቅተኛ ልክ ተነሥቶ የድምፅን ጉላት ለመለካት ዴሲቤል የሚባል መለኪያ ጥቅም ላይ ይውላል። በዴሲቤል 10 መጨመር ማለት የሞገዱ ጉልበት 10 እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ 20 መጨመር 100 እጥፍ፣ 30 መጨመር 1,000 እጥፍ ነው። ግምታዊ ምሳሌዎች፦

• 0 ዴሲቤል፦ የመስማት መነሻ
• 30 ዴሲቤል፦ ሹክሹክታ
• 60 ዴሲቤል፦ መደበኛ ንግግር
• 100 ዴሲቤል፦ በቅርብ የሚጮኽ ሞንታርቦ
• ከ120 እስከ 130 ዴሲቤል፦ ጆሮን የሚያሳምም ድምፅ

ድምፅ ከምንጩ ሲርቅ ጉልበቱ እየሰፋ በሚሄድ ስፍራ ላይ ይበተናል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በአንድ ሜትር ካሬ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ሩብ ይሆናል፤ ይህም በዴሲቤል 6 መቀነስ ማለት ነው። ከደወል ቤቱ 1 ኪሎ ሜትር የራቀ ሰው የሚደርሰው የድምፅ ጉልበት 100 ሜትር ላይ ካለው ሰው አንድ መቶኛ ብቻ ነው።

የድምፅ ፍጥነትና ከፍታ

በማዶ ተረተር ላይ እንጨት የሚፈልጥን ሰው ያየ ሁሉ የድምፅን ፍጥነት አይቷል። መጥረቢያው ሲያርፍ ይታያል፤ ድምፁ ግን ዘግይቶ ይመጣል። ሰውየው 680 ሜትር ቢርቅ መዘግየቱ 2 ሰከንድ ገደማ ነው።

በአየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በዋናነት የሚወሰነው በሙቀት ነው፦

• በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ፦ በሰከንድ 334 ሜትር
• በ10 ዲግሪ፦ 337 ሜትር
• በ15 ዲግሪ፦ 340 ሜትር
• በ20 ዲግሪ፦ 343 ሜትር
• በ25 ዲግሪ፦ 346 ሜትር

ብዙ ተማሪዎች በከፍታ ቦታ ድምፅ የሚዘገየው አየሩ ስስ በመሆኑ ይመስላቸዋል። ይህ ስህተት ነው። ከፍ ሲባል የአየሩ ግፊትም ጥግግቱም አብረው ስለሚቀንሱ አንዱ የሌላውን ውጤት ያጣፋዋል። በጉና ራስጌ ድምፅ ከጣና ዳር ይልቅ ቢዘገይ ምክንያቱ ብርዱ ነው።

የአየሩ መሳሳት የሚነካው ጉልበቱን ነው። በደብረ ታቦር የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አንድ ዓይነት ደወል በአንድ ዓይነት ስፋት ቢንዘር በደጋው ላይ ለአየሩ የሚያቀብለው ጉልበት በዚያው መጠን ያንሳል። ይህ ግን ከ1 እስከ 1.5 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ጆሮ አይለየውም ማለት ይቻላል።

በፈሳሽና በጠጣር ነገር ውስጥ ድምፅ ይበልጥ ይፈጥናል፤ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ገደማ፣ በብረት ውስጥ ከ5,000 ሜትር በላይ ይጓዛል።

ድምፅ በደጋ አገር

የንጋት ደወል

በቀን የማይሰማ የሩቅ ደብር ደወል በንጋት ጥርት ብሎ መሰማቱ በደጋ አገር የታወቀ ነው። አንደኛው ምክንያት የንጋቱ ጸጥታ ነው። ሁለተኛው የአየሩ አቀማመጥ ነው። የድምፅ ሞገድ ሁልጊዜ ፍጥነቱ ወደሚያንስበት፣ ማለትም ወደ ቀዝቃዛው አየር ይታጠፋል። በቀን ፀሐይ መሬቱን ስለምታሞቅ ከሥር ያለው አየር ይሞቃል፣ ከላይ ያለው ይቀዘቅዛል፤ ድምፁ ወደ ሰማይ ይታጠፍና ሩቅ ያለው ሰው ሳይሰማው ያልፋል። በጠራ ሌሊት ግን መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆው ወርዶ ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ወደ ላይ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ መሬት ይታጠፋል። ጉልበቱ አልጨመረም፤ የሚበተንበት ስፍራ ጠበበ እንጂ።

የገደል ማሚቶ

ድምፅ ከገደል ጋር ሲጋጭ ከፊሉ ጉልበት ተመልሶ ይመጣል። ጆሮ ዋናውን ድምፅና ማሚቶውን ለይቶ እንዲሰማ በመካከላቸው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ልዩነት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ገደሉ ቢያንስ 17 ሜትር መራቅ አለበት። እረኛ ጮኾ ማሚቶውን ከ2 ሰከንድ በኋላ ቢሰማ ገደሉ 340 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ድምፁ ሄዶ የተመለሰ በመሆኑ ርቀቱ ለሁለት ይካፈላልና። የተመለሰው ድምፅ ከሄደው የሚያንሰው ጉልበቱ በመንገድ ስለተበተነና ከፊሉን ድንጋዩ፣ አፈሩና ቅጠሉ ስለወሰዱት ነው።

ዝናብ በቆርቆሮ ክዳን ላይ

2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የዝናብ ጠብታ ሲወድቅ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከ0.0001 ጁል ያነሰ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ወደ ድምፅ የሚለወጠው ጥቂቱ ነው። ቆርቆሮ ግን ስስና ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ ይንዘራል፤ ንዝረቱንም ለአየሩ ያቀብላል። በክረምት ዝናብ ወይም በረዶ ሲወርድ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ መምህርና ተማሪ መደማመጥ የሚያቅታቸው ለዚህ ነው። የሳር ክዳን ያንኑ ጠብታ ተቀብሎ ጉልበቱን በሳሩ መካከል በሚፈጠር ፍትጊያ ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። የቆርቆሮ ክፍል ኮርኒስ ሲሠራለት፣ በተለይም ከኮርኒሱ በላይ ድምፅን የሚመጥ ለስላሳ ነገር ሲነጠፍበት፣ ጩኸቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

የቡሄ ጅራፍ፦ ከድምፅ የሚፈጥን ገመድ

የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሙልሙል ይሰበስባሉ፣ ችቦ ይለኮሳል፣ ጅራፍ ይጮኻል። በሃይማኖታዊው ትርጓሜ የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ የተሰማው ድምፀ መለኮት ምሳሌ እንደሆነ ይነገራል።

በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ጅራፍ ጉልበትን የሚሰበስብ መሣሪያ ነው። ከልጥ ወይም ከቃጫ ሲገመድ ከእጀታው አጠገብ ወፍራም፣ ወደ ጫፉ ቀጭን ሆኖ ነው። ልጁ ሲያወናጭፈው ክንዱ የበላውን እህል ኬሚካዊ ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ይለውጣል። በገመዱ ላይ የሚፈጠረው እጥፋት ወደ ጫፉ እየሮጠ ሲሄድ የሚንቀሳቀሰው የገመድ ክፍል እየቀለለ ይመጣል። ጉልበቱ ሳይባክን መጠነ ቁሱ ወደ አንድ መቶኛ ቢቀንስ ፍጥነቱ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ጫፉ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ340 ሜትር ይበልጣል፤ ማለትም ከድምፅ ይቀድማል።

ከድምፅ የሚፈጥን ነገር ከፊቱ ያለው አየር እስኪሸሽለት አይጠብቅም። አየሩ በአንድ ቦታ ተደራርቦ ይጨመቅና የድንጋጤ ሞገድ ይሆናል። «ጧ!» የሚለው ይህ ነው፤ ከድምፅ በላይ የሚበር የጦር አውሮፕላን ከሚያሰማው ፍንዳታ ጋር አንድ ዓይነት ክስተት ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አላን ጎሪዬሊና ታይለር ማክሚለን የተባሉ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባቀረቡት የሒሳብ ትንታኔ ዋናው የጩኸቱ ምንጭ በጅራፉ ላይ የሚሮጠው እጥፋት መሆኑን አሳይተዋል። እጥፋቱ የድምፅን ፍጥነት ሲይዝ ጫፉ የዚያን እጥፍ ያህል ይፈጥናል።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለው ተረት የሚነገረው በድሎ ለሚያለቅስ ሰው ነው። በአካላዊው ትርጉሙም ግን ልክ ነው፤ ጅራፍ ለመጮኽ ምንም ነገር መምታት አያስፈልገውም፤ የሚመታው አየሩን ነው። ይህን ያህል የሚፈጥን ጫፍ ዓይንን ሊያጠፋ ስለሚችል ጅራፍ የሚያጮኽ ልጅ ዙሪያውን ማየት፣ የሚመለከቱትም ራቅ ብለው መቆም አለባቸው።

መብረቅና ነጎድጓድ

መብረቅ በሚያልፍበት ቀጭን መሥመር ያለውን አየር በቅጽበት ወደ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያደርሰዋል፤ ይህም ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ገደማ የሚሞቅ ነው። አየሩ በድንገት ሲለጠጥ ነጎድጓድ ይሆናል። ስለዚህ መብረቅና ነጎድጓድ የአንድ ክስተት ሁለት ገጽታዎች ናቸው፤ ብርሃኑ ወዲያው ይታያል፣ ድምፁ ግን አንዱን ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ቆጥሮ ለ3 ማካፈል የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣል። 12 ሰከንድ ከሆነ 4 ኪሎ ሜትር ርቋል ማለት ነው።

ነጎድጓዱ የሚያጉረመርመው የመብረቁ መሥመር ረጅም በመሆኑ ነው፤ ከቅርቡ ጫፍ የተነሣው ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከሩቁ የተነሣው ዘግይቶ ይከተላል፤ ገደሉም ማሚቶ ይጨምርበታል።

ይህ ቆጠራ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም። በክረምት መብረቅ በደጋው ሰውም ከብትም ይገድላል። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ቀጣዩ ደግሞ ሰውየው ያለበት ቦታ ላይ ሊወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከብቻው የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል፣ በተረተር ጫፍ ላይ መቆም ወይም በእርሻ መካከል መቆየት አደገኛ ነው። ወደ ጠንካራ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ መኪና መግባት፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይመከራል።

የዜማ መሣሪያዎችና ደወል

የተመታ የክራር አውታር ብቻውን ቢሆን በጭንቅ ይሰማል፤ ቀጭን ስለሆነ አየሩን ብዙ መግፋት አይችልም። ንዝረቱ በበርኩማው በኩል ወደ ቆዳውና ወደ ገበቴው ሲያልፍ ግን ሰፊ ገጽ አየሩን ስለሚገፋው ድምፁ ይጎላል። ገበቴው ጉልበት አይጨምርም፤ በአውታሩ ውስጥ ያለው የመለጠጥ ጉልበት ቶሎ ወደ አየሩ እንዲወጣ ያደርጋል እንጂ። 10 አውታሮች ያሉት በገና የራሱ የሆነ እርግብግብ ድምፅ የሚኖረው እንዝራ የሚባሉት ቁራጭ ቆዳዎች ከአውታሩ ጋር እየተነካኩ የንዝረቱን ጉልበት ለብዙ ድግግሞሾች ስለሚያካፍሉት ነው። ማሲንቆ ደግሞ በመምቻው ፍትጊያ ያለማቋረጥ ጉልበት ስለሚቀበል ድምፁን እንደ ሰው ዜማ ማስረዘም ይችላል። የከበሮ ሰፊው ፊት ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ፊት ቀጭን ድምፅ የሚሰጠው ሰፊ ቆዳ በዝግታ፣ ጠባብ ቆዳ በፍጥነት ስለሚንዘር ነው።

በጣና ገዳማት የድንጋይ ደወል ይገኛል። ጠንካራና ስንጥቅ የሌለበት ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሎ ሲመታ እንደ ብረት ያቃጭላል። ያው ድንጋይ መሬት ላይ ተጋድሞ ቢመታ ግን «ዱብ» ብሎ ይቀራል፤ ጉልበቱ ወደ አየር ከመውጣቱ በፊት አፈሩ ይወስደዋልና።

ከፏፏቴ እስከ ድምፅ ማጉያ

ጉልበት ቅርጹን እየለወጠ የሚሄድበትን መንገድ በኤሌክትሪክ መከታተል ይቻላል። ከእ.ኤ.አ. 1964 ጀምሮ በጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ። የውኃው የቦታ ጉልበት ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩ በድምፅ ማጉያው ውስጥ ያለውን ጥቅል ሽቦ ከማግኔት ጋር እያታገለ ያንዘራል፤ ጥቅሉ ወረቀቱን፣ ወረቀቱም አየሩን ይገፋል። ተራ ድምፅ ማጉያ ከተቀበለው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል።

በስልክ ሲወራ የሚጓዘው የድምፅ ሞገድ አይደለም። ማይክሮፎኑ የአየሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ስልኩ የኤሌክትሪኩን መጠን በየቅጽበቱ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ቁጥሩም በሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ይሄዳል። ልኬቱ ከሚፈለገው ከፍተኛ ድግግሞሽ ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። በሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካው ጆሮ እስከ 20,000 ሄርዝ ስለሚሰማ ነው። ለተለመደው የስልክ ንግግር 8,000 ልኬት ይበቃል፤ በስልክ የሰው ድምፅ ጠበብ ብሎ የሚሰማውም ለዚህ ነው። በወዲያኛው ስልክ ቁጥሩ ተመልሶ አዲስ የድምፅ ሞገድ ይፈጥራል።

ከ20,000 ሄርዝ በላይ ያለው ድምፅ አልትራሳውንድ ይባላል። የሌሊት ወፍ በጨለማ መንገዷን የምታውቀው በዚህ ድምፅ ማሚቶ ነው። የእርጉዝ እናት ምርመራም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ መሣሪያው በሚሊዮኖች ሄርዝ የሚቆጠር ድምፅ ልኮ ከፅንሱ የሚመለሰውን ማሚቶ ወደ ምስል ይለውጣል።

ጆሮ፦ የጉልበቱ ማረፊያ

ወደ ጆሮ የገባው ሞገድ ታምቡሩን ያንዘራል፤ ሦስት ትናንሽ አጥንቶች ንዝረቱን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሳሉ፤ በዚያ ያሉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጡታል። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ጉዳቱን የሚወስነው የድምፁ ጉላትና የቆይታው ጊዜ፣ በሌላ አነጋገር ጆሮ የተቀበለው ጠቅላላ ጉልበት ነው። በሥራ ቦታ በብዛት የሚሠራበት ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል ሲጨመር ጉልበቱ እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ዴሲቤል ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ለ15 ደቂቃ ብቻ። ስለዚህ በወፍጮ ቤት ለሚሠራ፣ ሞንታርቦ አጠገብ ለሚውል ወይም በጆሮ ማዳመጫ ጮክ አድርጎ ለሚሰማ ሰው መራቅ፣ መቀነስና ማረፍ ጥቅም አላቸው። ርቀትን እጥፍ ማድረግ ብቻውን፣ በተለይ በገላጣ ቦታ፣ የሚደርሰውን ጉልበት ወደ ሩብ ያወርደዋል።

ጆሮ ያልደረሰው ጉልበትም አልጠፋም። በአየር፣ በግድግዳ፣ በአፈርና በቅጠል ተመጥጦ ሙቀት ይሆናል። የቡሄ ጅራፍም፣ የንጋት ደወልም፣ የክረምት ነጎድጓድም መጨረሻው ይኸው ነው፤ ጸጥታ ሲመለስ አየሩ በማይለካ መጠን ሞቋል።

በተጨማሪ ይመልከቱ፦ ሞገድ • ጉልበት • መብረቅ • ቡሄ • በገና • ደብረ ታቦር • ጢስ ዓባይ